የሚከፈልበት የቅዳሜና እሁድ ኳስ በድሬዳዋ፦ ልጁን ለትምህርት ቤት ቡድን ያበቃል?

ቅዳሜ ጠዋት 12፡30 ላይ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ ገላጣ መሬት ካለ ኮን ተደርድሮበታል፣ ፊሽካ ይነፋል። አንዳንዶቹ ድሮም የነበሩት የሰፈር ፕሮጀክቶች ናቸው፤ ልጁ ከቤቱ በሸበጥ ይመጣል፣ ለኳስ መግዣ የሚዋጣ ካለ ይዋጣል፣ አለቀ። ሌሎቹ ወርሃዊ ክፍያ፣ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ የራሳቸው ማሊያና «አካዳሚ» የሚል ስም አላቸው። እዚህ የምንገመግመው እነዚህኞቹን ነው፤ ከዚህ በታች «ፕሮጀክት» ስንልም በአብዛኛው እነሱን ማለታችን ነው። ማስታወቂያቸው «ለትምህርት ቤትና ለክለብ እናበቃለን» ስለሚል መለኪያችንም ይኸው ነው፤ 9ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ በዚህ ገንዘብ የትምህርት ቤቱን ማሊያ ይለብሳል ወይ? ስም አንጠራም። አሰልጣኞች ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየሩ ዛሬ ጥሩ ያልነው ሜዳ ከገና በኋላ ሌላ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ራሳችሁ የምትመዝኑበትን መንገድ ማሳየቱ ይሻላል።

አጭሩን መልስ እናስቀድመው። ዕድሜው ከ8 እስከ 13 ለሆነ ልጅ፣ በቂ ኳስ ያለው ቦታ ከሆነ ክፍያው ያዋጣል። 15 ሞልቶት ገና አሁን ለሚጀምር ልጅ ግን ያው ገንዘብ ለጫማና ለምግብ ቢውል ይሻላል። በዚያ ዕድሜ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጨመር ልምምድ የኳስ ቁጥጥሩን ብዙም አይቀይረውም፤ የትምህርት ቤቱ መምህር ደግሞ ለቡድኑ ልጅ በሚመርጥበት ቀን መጀመሪያ የሚያየው እሱኑ ነው።

ወላጅ የሚከፍለው ለኳስ ንክኪ ነው። ማሊያው፣ በር ላይ የተሰቀለው ባነር፣ አሰልጣኙ አንገት ላይ ያለው ፊሽካ ልጁን አያሠለጥኑትም። ስለዚህ ሜዳ ስትሄዱ ኳሶቹን ቁጠሩ። የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦ 30 ልጅ፣ 3 ኳስ፣ አሥር አሥር ልጅ የተሰለፈባቸው ሦስት መስመሮች። የመጀመሪያው ልጅ ኳሱን እየገፋ ኮኑን ዞሮ ይመለሳል፣ ለቀጣዩ ያቀብላል፣ ወደ ኋላ ሄዶ ይሰለፋል። አንዱ ዙር 12 ሰከንድ ቢፈጅ ለእያንዳንዱ ልጅ ተራው የሚደርሰው በ2 ደቂቃ አንዴ ነው። በግማሽ ሰዓት 15 ዙር ማለት ነው። በአንዱ ዙር ስድስት ሰባት ጊዜ ኳስ ቢነካ መቶ ገደማ ይሆናል። የቀረውን ጊዜ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ከፊቱ ያለውን ጀርባ ያያል፣ ወይም ከኋላው ካለው ጋር ይገፋፋል። ያው ልጅ የራሱ ኳስ ቢኖረው በውስጥና በውጭ እግር እየነካ፣ በመርገጫው እየሳበ፣ በሰከንድ አንዴ ቢነካ እንኳ በ10 ደቂቃ 600 ይደርሳል።

ሒሳቡን ወደ ብር እንለውጠው። ለምሳሌ ክፍያው በወር 600 ብር፣ ልምምዱ 8 ቀን ቢሆን ለአንድ ቀን 75 ብር ነው። 90 ደቂቃ የተባለው ልምምድ 15 ደቂቃ ዘግይቶ ከጀመረ፣ 20 ደቂቃ ያለ ኳስ ዱብ ዱብ ካለ፣ 30 ደቂቃ ከላይ እንዳየነው ከተሰለፈ፣ ኳስ ያለበት ጨዋታ የቀረው 25 ደቂቃ ነው። እሱም 15 ለ15 በአንድ ኳስ ከሆነ ዳር ያለው ልጅ አምስት ጊዜ እንኳ ሳይነካ ሊወጣ ይችላል። ሰፈሩ ውስጥ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በካልሲ ኳስ ቢጫወት ከዚህ በላይ ይነካ ነበር፤ ያውም በነፃ።

ጥሩ የምንለው ቦታ ቢያንስ ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ፣ ለ15 ልጅ አንድ አሰልጣኝ አለው። ማሟሟቂያውም በኳስ ነው። ጨዋታው ሲደርስ ሜዳውን በኮን ይከፋፍሉታል፦ ርዝመቱ 25፣ ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ መጫወቻ፣ 4 ለ4፣ ያለ በረኛ፣ ሁለት ሁለት ሜትር የሆኑ ትንንሽ ጎሎች። በእንዲህ ያለ ጨዋታ መደበቅ አይቻልም። አብዶ የሚወደው ልጅ ኳስ ሲያስነጥቅ ወዲያው ጎል ይቆጠርበታል፣ በራሱ ጊዜ ማቀበል ይለምዳል። አሰልጣኙ የሚጮኸው ምን ብሎ እንደሆነም አድምጡ። «ምታው! ምታው!» ብቻ ከሆነ ለልጁ የሚነግረው ሌላ ነገር የለውም። «ሳይደርስህ ዞር ብለህ እይ» የሚል ከሆነ ሥራውን ያውቃል።

ስለ ኳሱም ጥቂት እንበል። እስከ 12 ዓመት 4 ቁጥር፣ ከ13 ጀምሮ 5 ቁጥር ነው። ባለ 5 ቁጥሩ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ የ9 ዓመት ልጅ እሱን ሲመታ ቁርጭምጭሚቱን ቆልፎ መምታት ስለሚያቅተው በጣቱ መቀስቀስ ይለምዳል፤ ይህ ልማድ በኋላ በቀላሉ አይለቅም። የድሬ መሬት ደረቅና ጠጠራም ስለሆነ ጢም ብሎ የተነፋ ኳስ እንደ ፍየል ይዘላል። የሚፈቀደው ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 ባር ነው፤ ለእኛ ሜዳ ከታች ያለው፣ 0.6 እና 0.7፣ ይሻላል። አውራ ጣት ሲጫነው ትንሽ ገባ ማለት አለበት። የግራር እሾህ ዋናው ጠላት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ደረቅ መርፌ። የመንፊያውን መርፌ በምራቅ ወይም በዘይት ሳያርሱ ሲሰኩት የኳሱን ቫልቭ ይቀደዋል፤ በየሳምንቱ የሚሟሽሽ ኳስ ብዙ ጊዜ እሾህ የወጋው ሳይሆን እንዲህ የተቀደደ ነው። የአሰልጣኙ ቦርሳ ውስጥ መንፊያና ትርፍ መርፌ ካለ፣ ስለሌላውም የሚያስብ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ጫማን በተመለከተ፣ ረዥም ጥርስ ያለው ባለ ስድስት ታኬታ ለረጠበ ሣር የተሠራ ነው። ደረቅ መሬት ላይ አይሰምጥም፣ ልጁ ጥርሱ ላይ ቆሞ ይሮጣል፣ ተረከዙን ያመዋል። አጫጭር ብዙ የላስቲክ ጥርስ ያለው ይበቃል፤ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ስትመርጡ ጫማውን መሃሉ ላይ አጥፉት። የሚታጠፈው ከጣቶቹ ሥር ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወገቡ ላይ ከተሰበረ ተዉት።

ሜዳው የት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ የሚሠሩ አሉ። አሸዋ ለእግር ጉልበት ጥሩ ነው፣ ለቅብብል ግን አይሆንም፤ ኳሱ ስለማይንከባለል ልጁ ኳስ ማንሳት ይለምዳል፣ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ሲገባ ቅብብሉ ሁሉ አየር ላይ ይሆናል። ለበረኛ ግን ከዚህ የተሻለ ሜዳ ድሬ ውስጥ አናውቅም። ጠጠር ላይ መውደቅ የሚፈራ በረኛ አሸዋ ላይ በጎኑ መውደቅን፣ ኳሱን ይዞ መንከባለልን ሳይጎዳ ይማራል። ችግሩ ጎርፉ ነው። ደቻቱ የሚሞላው ድሬ ላይ በሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ የዘነበው፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሰው የገደለውን ጎርፍ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ስለዚህ በበልጉ ዝናብና ከሐምሌ እስከ መስከረም ልጆችን ወንዙ ውስጥ የሚያሠራ ፕሮጀክት፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር፣ ከኛ ዘንድ ዜሮ ነው።

ሰዓቱም ከሜዳው አይተናነስም። በግንቦትና በሰኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ማሠራት ልጅ ማድከም ነው። 12፡30 ተጀምሮ 2፡00 ቢያልቅ ተገቢ ነው፣ በየ15 እና 20 ደቂቃው ውሃ። አንድ ልጅ ቢያንስ አንድ ሊትር ሃይላንድ ይዞ ይምጣ፤ «ውሃ ጎን ያስወጋል» እያለ የሚከለክል አሰልጣኝ ካለ ልጁን ይዛችሁ ተመለሱ። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከቁርኣን ቤት ጋር ይጋጫል፤ ሁለቱንም ቡድን የሚያስተናግድ ፕሮግራም ያላቸው አሉ፣ ምርጫውን ለልጁ ጥለው «ያልመጣ አይሰለፍም» የሚሉም አሉ። በረመዳን ጥሩዎቹ ሩጫውን ትተው ከአፍጥር በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቀለል ያለ የኳስ ሥራ ያሠራሉ። ከሰዓት በኋላ የሚባል ልምምድ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይደረግ። 9 ሰዓት የተባለው የጫት በርጫው ሲያልቅ ሊሆን ይችላል፣ አቦ፣ ይሄን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር የሚመርጠው በሁለት ከሰዓት ነው። ማመልከቻ የሚያስገባው ልጅ ብዙ፣ ማሊያው 18 ወይም 20 ነው። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ መምህሩ ዓይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያ ንክኪው ኳሱን በሚያቆም ልጅ ላይ ነው፤ ያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮጀክት የመጣ ነው። እስከዚህ ድረስ ማስታወቂያው እውነት ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ግን የማይነገሩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ መምህሩ ራሱ የሚከፈልበት ፕሮጀክት ያለው ከሆነ ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ልጁ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት አጨዋወት ይማራል፣ ማን ምን ያህል እንደደከመም አንድ ሰው ያውቃል። የሚበላሸው ምርጫው ሲዘጋ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው። የምርጫው ቀን በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ተነገረ ወይስ «የሰማ ሰማ» ተባለ? ከ11 ቋሚ ተሰላፊ ውስጥ ዘጠኙ የመምህሩ ከፋዮች ናቸው? በወር መሃል መክፈል ያቆመ ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተገኘ? ሦስቱም ከተገጣጠሙ የምትከፍሉት ለሥልጠና ሳይሆን ለቦታ ነው፤ ይህን ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው፣ ፕሮጀክት የሚያወጣው ልጅና ትምህርት ቤት የሚፈልገው ልጅ አይገናኙም። ሁሉም አማካይና አጥቂ ሆኖ ይመጣል። ግራ ተመላላሽ የለም፣ በረኛ ከነጭራሹ የለም። ትንሽ ሜዳ ላይ ያደጉ ልጆች ስለሆኑ የ30 ሜትር ቅብብል ያቅታቸዋል፣ ከጨዋታ ውጪ ሲሆኑ አያውቁም፣ እጅ ውርወራ ላይ የኋላ እግራቸውን አንስተው ኳሱን ለተጋጣሚ ይሰጣሉ። ይህ የመጨረሻው በሁለት ቀን የሚስተካከል ነገር ነው፦ ሁለት እግር መሬት፣ ሁለት እጅ ከጭንቅላት በላይና ከኋላ፣ አለቀ። ሆኖም የሚያስተምረው ሰው አናይም። ከ13 ዓመት በላይ ላሉት በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ በሙሉ ሜዳ 11 ለ11 የማያጫውት ፕሮጀክት «ለትምህርት ቤት እናበቃለን» ባይል ይሻላል። ልጃችሁ ቁመት ካለውና መውደቅ ካልፈራ ጓንት ግዙለት፤ ወደ ትምህርት ቤት ማሊያ ከዚህ አጭር መንገድ የለም።

ትምህርት ቤት በሚከፈልበት ሥልጠና ላይ መንጠልጠሉ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሴት ተማሪዎች የሚጫወቱት ሶፍትቦል የሚባል የቤዝቦል ዘመድ አለ። ወርዋሪዋ ኳሱን ክንዷን አሽከርክራ ከታች በኩል ትወረውራለች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው የሚወዳደሩት በጸደይ ለጥቂት ወራት ነው፤ ወርዋሪ ግን በጥቂት ወር አትወጣም፣ ዓመታት ትፈልጋለች። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ፣ ወላጆች ከፍለው ከከተማ ከተማ በሚያዞሯቸው ተጓዥ ቡድኖች ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጥሩ ወርዋሪ ተዘጋጅታ ትመጣለታለች፣ መክፈል ያልቻለችው ልጅ ግን ምርጫው ላይ ሳትደርስ ወድቃለች። የድሬ ልዩነቱ የሰፈር ፕሮጀክቱ እስካሁን አለመሞቱ ነው። ኳስ የሚያዋጡ አምስት ወላጆች ቢገኙ፣ አስር ኳስ ያለው ነፃ ፕሮጀክት ሦስት ኳስ ካለው አካዳሚ ይበልጣል፤ ይህን ስንል አካዳሚዎቹ ቅር እንደሚላቸው እናውቃለን።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ሁለቱ አሰልጣኞች አለመነጋገራቸው ነው። ቅዳሜና እሁድ ፕሮጀክት፣ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ የትምህርት ቤት ልምምድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሰፈር ጨዋታ። ሰባት ቀን ሞላ። ሰኞ ልጁ ሲያነክስ መምህሩ «ሰነፍ ነው» ይላል፣ ቅዳሜ ሲደክም አሰልጣኙ «ትምህርት ቤት ገደለህ» ይላል። ከ10 እስከ 15 ባለው ዕድሜ አጥንት በፍጥነት ሲያድግ፣ ከጉልበት ቆብ በታች ጅማቱ የተያያዘበት ቦታ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል፣ ሲንበረከክና ሲዘል ይብሳል። ትንሽ ቀደም ባለው ዕድሜ ተረከዝ ላይ ተመሳሳይ ሕመም ይመጣል። ደረቅ መሬት ሁለቱንም ያባብሳል። ይድናል፣ ነገር ግን ዝላይና ሩጫ ለጥቂት ሳምንት መቀነስ፣ ከልምምድ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ መያዝ ይፈልጋል። ማስታገሻ አስውጦ ማሰለፍ ሕመሙን ደብቆ ጉዳቱን ያረዝማል። በሳምንት አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሙሉ ቀን ኳስ የሌለበት ይሁን፤ የትኛው ቀን እንደሆነ ወላጅ በጽሑፍ ለሁለቱም አሰልጣኝ ይስጥ።

ቺኩንጉንያም አለ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማውን ያጥለቀለቀው በሽታ ትኩሳቱ በቀናት ቢለቅም የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ከሱ የተነሳ ልጅ ጠዋት ቁርጭምጭሚቱ እየገተረው «ሰውነቱ ሲሞቅ ይለቀዋል» ተብሎ ሩጫ ሲታዘዝ ይታያል። መደገፊያ ሳይይዝ ደረጃ ወጥቶ እስኪወርድ ድረስ ኳስ ቁጥጥር ብቻ ይበቃዋል።

ዕድሜ ላይ አትደራደሩ። የልደት ሰርተፊኬቱን ሁለት ዓመት «ዝቅ እናድርገው» የሚል ፕሮጀክት ለልጁ እንደሚያስብለት አድርጎ ያወራል። በአፍሪካ ከ17 ዓመት በታች ውድድር የአጥንት ዕድሜ የሚያሳይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ምርመራ አለ፣ የትምህርት ቤት መዝገቡም አለ፤ ሁለቱ ወረቀት ሲጋጩ ከቡድን የሚወጣው ልጁ ነው። የብርቱካናማዎቹን፣ የድሬዳዋ ከተማ ክለብን፣ ስም ጠርቶ «ክለቡ ጋ ሰው አለን» ማለትም ያው ነው፤ በወር ክፍያ የሚገዛ የክለብ ቦታ የለም።

ለሴት ልጅ ግን ግምገማችን ይቀየራል። ድሬዳዋ ከተማ የሴቶች ቡድን አለው፣ ትምህርት ቤቶችም የሴት ቡድን ሲያቋቁሙ ኳስ በሥርዓት የተማረች ልጅ ማግኘት ይቸግራቸዋል። ስለዚህ ሁለት ዓመት በደንብ የሠለጠነች ልጅ ለመሰለፍ የምትጋፋው ከጥቂቶች ጋር ነው፤ ገንዘቡ ከማንም በላይ ለሷ ይሠራል። እስከ 12 ዓመት ከወንዶች ጋር ብትሠራ ጥሩ ነው፣ ፍጥነት ትለምዳለች። ከዚያ በላይ ልብስ የምትቀይርበት ዝግ ቦታ፣ ቢያንስ አንዲት ሴት አሰልጣኝ ወይም ረዳት፣ በባጃጅ ከጨለማ በፊት ቤት የምትገባበት ሰዓት መኖሩን ጠይቁ። ሂጃብ ለብሳ የምትጫወት ከሆነ በመርፌ ቁልፍ የማይያዝ፣ በላስቲክ የሚጠለቅ ይሁን።

ክፍያው በወር ይሁን፣ በሴሚስተር አትክፈሉ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ማሊያ መግዛት ግዴታ ከሆነ ዋጋውን ከልምምዱ ለይታችሁ ጠይቁ። ልጁ ቢጎዳ የመጀመሪያውን ራጅ ማን እንደሚከፍል ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት፣ ካልተጻፈ እናንተ ናችሁ። በጥርና በሰኔ የፈተና ሰሞን መክፈል ብክነት ነው፣ ልጁም አይሄድም። ምርጡ ጊዜ ክረምቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ድርብ ልምምድ የለም፣ መስከረም ሲብት ምርጫ ይደርሳል። ለማየት የምትሄዱት ግን በሰኔ አይሁን። በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ሂዱ፤ ያኔ የተመዝጋቢው ቁጥር እጥፍ ይሆናል፣ ኳሱ ስንት እንደሆነ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።